ማቆም የሚያስቀጣበት ፋብሪካ

«ከሁለተኛው ፈረቃ» ብላ የጻፈችልን እህታችን ደብዳቤ ረጅም ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የማሸጊያ ካርቶን በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የመቁረጫ ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ ሥራዬን እወደው ነበር። አዲስ የምርት ኃላፊ ከመጣ ወዲህ ግን ቦታው ተለወጠ። ታርጌቱ በየጊዜው ይጨመራል፣ ሰው ግን አይጨመርም። ሱፐርቫይዘራችን ሰው ፊት ይሰድበናል። ትርፍ ሰዓት እንዳለ የሚነገረን ልንወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ እናስፈቅዳለን፣ ከቆየን ይመዘገብብናል። የእኔ ማሽን የሚሠራው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ እኩል ሲጫኑ ነበር። አሁን አንዱ ቁልፍ በፕላስተር ታሽጎ፣ እንዲፈጥን ተብሎ በአንድ እጅ ነው የምንሠራው። ባለፈው አንዲት ጓደኛችን ሁለት ጣቶቿ ተጎዱ፤ ሪፖርቱ ላይ ‹በሠራተኛዋ ቸልተኝነት› ተብሎ ተጻፈ። የተበላሸ ምርት ሲወጣ ስድቡን ስለምንፈራ ከደህናው ሥር እንደብቀዋለን። ቤት ስገባ ጆሮዬ ይጮሃል። ቤተሰቦቼ ‹ሥራ አጥቶ የሚንከራተት ስንት ሰው አለ፣ ጉሮሮሽን አትዝጊ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ› ይሉኛል። ልናገር፣ ልልቀቅ ወይስ ልቻለው? ወይስ እኔ ነኝ ምስጋና ቢሷ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ደመወዝ የሚከፈልሽ ለጉልበትሽ፣ ለጊዜሽና ለሙያሽ ነው። ጣትሽ፣ ጆሮሽና ክብርሽ ውሉ ውስጥ የሉም። ቤተሰቦችሽ እንደዚያ የሚሉሽ አስበውልሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሥራ ያጣ ሰው ብዙ መሆኑም እውነት ነው፤ ግን የሌላ ሰው ሥራ ማጣት የአንቺን ማሽን ደህና አያደርገውም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የዘረዘርሻቸው ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ነገር መጡብኝ። እናንተ ፋብሪካ ውስጥ ማቆም ያስቀጣል። ማሽን ማቆም ያስቀጣል። ሽንት ቤት ለመሄድ ማቆም ያስቀጣል። «ይሄ ምርት ተበላሽቷል» ብሎ መስመሩን ማቆም ያስቀጣል። ሰዓት ሲያልቅ ሥራ ማቆም እንኳ ያስቀጣል። ስድቡም፣ የታሸገው ቁልፍም፣ ከደህናው ሥር የሚደበቀው ካርቶንም ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ይሄን የማነሳው በኋላ ስለሚጠቅምሽ ነው። አለቃ ቢሮ ገብተሽ «የሥራ ባህሉ ጥሩ አይደለም» ብትዪ ትከሻቸውን ነቅንቀው ይሸኙሻል። «መስመሩ መቆም ሲገባው የማይቆመው ሰው ስለሚፈራ ነው» ብትዪ ግን ምርት የሚመራ ማንም ሰው ምን እያልሽ እንደሆነ ይገባዋል።

ግን ከሁሉም በፊት ቁልፉ። ሌላው ሁሉ ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል፣ ይሄ አይጠብቅም።

ሁለቱ ቁልፎች ለምን እንደተሠሩ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ግን ለሌሎች አንባቢዎች ላብራራው። ቢላው ሲወርድ ሁለቱም እጆች ቁልፎቹ ላይ ከሆኑ፣ የትኛውም እጅ ቢላው ሥር ሊሆን አይችልም። በቃ፣ ሐሳቡ ይሄው ነው። ኦፕሬተሩ ቢደክም፣ ቢያንቀላፋ፣ ስለ ልጁ ቢያስብ፣ ከኋላው ሰው ቢጠራው፣ እጁ ያለበት ቦታ አይለወጥም። አንደኛው ቁልፍ በፕላስተር ሲታሸግ ግን ማሽኑ ሁለት እጅ ያለ ይመስለዋል፣ አንዱ እጅ ግን ነጻ ሆኗል። ነጻ የሆነ እጅ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። የተጣመመውን ካርቶን ሊያቃና፣ ቁራጩን ሊጠርግ፣ ቀጣዩን ቀድሞ ሊያስገባ ይሄዳል። በፈረቃው መጨረሻ ላይ፣ ያው እንቅስቃሴ ለሺህ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ፣ እጅሽ ሳታዢው ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጓደኛሽ ሪፖርት ላይ «ቸልተኝነት» ብሎ የጻፈው ሰው ወይ ማሽኑን አያውቀውም ወይ ሊያውቀው አልፈለገም። ሰው ይደክማል ተብሎ ታስቦ የተገጠመን መከላከያ አንስቶ የደከመውን ሰው መወንጀል፣ በግልጽ ልናገር፣ ግፍ ነው።

እንግዲህ ነገ ምን ታደርጊያለሽ? ፕላስተሩን ራስሽ ቀደሽ አትጣዪው፤ «ማሽን ነካክታለች» ብለው ነገሩን ወደ አንቺ ያዞሩታል፣ ቁልፉ ውስጡ ተነካክቶ ከሆነም ያልታሰበ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ለሱፐርቫይዘርሽና ለጥገና ክፍል በጽሑፍ አሳውቂ። ረጅም አይሁን። «በዚህ ቁጥር መቁረጫ ማሽን ላይ ከሁለቱ የእጅ ቁልፎች አንዱ በፕላስተር ስለታሸገ ማሽኑ በአንድ እጅ እየሠራ ነው። ይህ የሰው እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ቁልፉ እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ማሽን ላይ መሥራት ስለማልችል ሌላ ሥራ ላይ እንድመደብ እጠይቃለሁ።» ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊበት፣ አንድ ቅጂ ያዢ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሺው፤ ሥራ ጥላ ሄደች እንዳይሉሽ የምትጠብቅሽ እሷ ናት። አንቺ ያልሽው «አልሠራም» አይደለም፣ «ደህና የሆነ ሥራ ስጡኝ» ነው።

ይሄ የራሴ ፈጠራም አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው 155ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ከባድና የተቃረበ አደጋ አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ኖሮት ከቦታው ቢርቅ አላግባብ እንዳይጎዳ ይጠበቃል ይላል፤ አደጋው እንዳለም ወዲያው ለቅርብ አለቃው ማሳወቅ አለበት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል። በየአገሩ ዝርዝሩ ይለያያል። በአቅራቢያሽ ያለው የሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄደሽ «አደገኛ ማሽን ላይ አልሠራም ማለት እንዴት ነው የሚቻለው?» ብለሽ ጠይቂ። ሳይጣሉ በፊት መጠየቅ ከተጣሉ በኋላ ከመጠየቅ በብዙ ይሻላል።

«ይሄን ያህል ያስጮሃል እንዴ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ 8 ፎቅ ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ የታወቀው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። እዚያው ሕንጻ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስቀራቸው። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ተመልሰው እንዲገቡ ታዘዙ። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን እንደ ባንኩ ሰው ማቆም አልቻሉም። ይሄን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታይ ቀርቶ አይደርስም፣ ሁሉም እያየው ማንም ማቆም ስለማይችል ነው የሚደርሰው።

አዲስ የገቡ ልጆች አጠገብሽ ካሉ ደግሞ፣ ፕላስተሩ ከነበረ ጀምሮ የመጡት «ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለው ነው የሚያስቡት። ሁለተኛው ቁልፍ ለምን እንዳለ ንገሪያቸው። ይሄ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የጓደኛሽ ጉዳይ። ሪፖርቱ እንደዚያ ሆኖ ከቀረ ካሳዋም፣ ሕክምናዋም፣ ስሟም አብሮ ይሄዳል። ያላመነችበትን ወረቀት እንዳትፈርም፤ ከፈረመችም «በዚህ አልስማማም» ብላ የራሷን ቃል ጽፋ ታስገባ። በዚያ ቀን አጠገቧ የነበራችሁት ያያችሁትን አሁኑኑ ጻፉ፦ ቁልፉ ታሽጎ ነበር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የታሸገው፣ ማን ነው ያዘዘው፣ ስንተኛ ሰዓቷ ላይ ነበረች። ትዝታ ቶሎ ይደበዝዛል፣ በብዙ አገርም የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ መጠየቂያ ቀነ ገደብ አለው። «እስኪሻላት እንጠብቅ» አትበሉ።

አሁን ወደ ማስታወሻው። አንድ ተራ ደብተር ግዢ፤ ቤትሽ ይቀመጥ፣ የፋብሪካው ኮምፒውተር ወይም ሎከር ውስጥ አይሁን። ስሜትሽን አትጻፊበት፣ የሆነውን ጻፊ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ። መስመር 2። 11 ሰዓት ልንወጣ ስንል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆዩ ተባልን። አስቀድሞ አልተነገረም። ሁለት ሰዎች ልጅ የሚያመጣ የለንም አሉ፣ ‹እንግዲህ የምትመርጡትን ምረጡ› ተባሉ።» ይሄ አምስት መስመር ብቻ ነው። ግን እንደዚህ ያለ መዝገብ ለሁለት ወር ከያዝሽ «ሁልጊዜ ያስቀሩናል» ማለትሽ ይቀርና «በዚህ ወር ይሄን ያህል ጊዜ፣ በእነዚህ ቀናት» ትያለሽ። «ሁልጊዜ» የሚለውን ማንም በአንድ ቃል ያስተባብለዋል፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈበትን ግን ለማስተባበል እነሱም መዝገብ ማምጣት አለባቸው። ስድብ ከሆነ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ጻፊው፣ ቢያሳፍርም። ማን እንደነበረ ጨምሪበት።

ከዚያ ብቻሽን አትግቢ። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። ብቻዋን የገባች ሰው «ችግር ያለባት ሠራተኛ» ትባላለች፤ አራት ሆነው የገቡ «ከምርት ክፍል የመጣ ጥያቄ» ይሆናሉ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ፣ ደካማም ቢሆን፣ በእሱ በኩል ጀምሩ። ከሌላችሁም የመደራጀት መብት ዓለም አቀፍ መሠረት ያለው ነው፣ የዚያው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1948ቱና የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) ስምምነቶች ለዚህ ነው የወጡት። የደህንነት ኮሚቴ ካለ የእሱን አባላት ስም አግኚ፤ በብዙ ፋብሪካ ኮሚቴው ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው፣ አባል መሆናቸውን የማያውቁ አባላትም አሉ። አብረውሽ የሚገቡትን ስትመርጪ በጣም የሚጮኸውን አትምረጪ። አለቆች የሚያከብሩትን ፈልጊ፤ ማሽኑን ከተተከለ ጀምሮ የሚያውቅ የጥገና ሰው፣ ወይም የጥራት ተቆጣጣሪ። ወሬውን በስልክ ግሩፕ ላይ አትጀምሩት፣ አንዱ መልእክት ሱፐርቫይዘሩ ጋ ከደረሰ ጉዳያችሁ ሐሜት ሆኖ ይቀራል።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ የተናደዱት ሰዎች ቀኑ ሲደርስ ላይመጡ ይችላሉ። አትቀየሚያቸው። አንዱ ዕዳ አለበት፣ ሌላዋ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። ዛሬ ያልመጣ ሰው ነገሩ ፈር ሲይዝ ሊመጣ ይችላል፣ «ፈሪ» ተብሎ ከተሰደበ ግን አይመጣም።

ስትገቡ ምን ትጠይቃላችሁ? ሁሉንም ይዛችሁ አትግቡ። «አክብሩን» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ልክ ናችሁ፣ ግን «እሺ እናከብራለን» ብለው ይሸኟችኋል፣ በማግሥቱም ምንም አይለወጥም። ተደረገ ወይም አልተደረገም ሊባል የሚችል ነገር ጠይቁ። የታሸጉ ቁልፎችና የተነሱ መከላከያዎች በሁሉም ማሽኖች ላይ ይመለሱ፣ እስከ መቼ እንደሆነም ቀን ይቆረጥለት። ትርፍ ሰዓት ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይነገር። ለየመስመሩ ተተኪ ኦፕሬተር ይመደብ፤ ሽንት ቤት የሚሄደው ሰው ቦታ ላይ ይቆማል፣ መስመሩም አይቆምም። (የሽንት ቤቱ ነገር ቀላል የሚመስላቸው አለቆች አሉ። ፈቃድ ላለመጠየቅ ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣ ሠራተኛ ኩላሊቱን ነው የሚያሳምመው፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የባሰ ነው።) ስህተት ያጠፋ ሰው ለብቻው ተጠርቶ ይነገረው። አራት ነገር ነው፣ ከዚህ አይብለጥ።

አሁን በጣም የሚጠቅምሽን ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ አለቆቹን ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጣቸው የሚገባው መስመር ስድቡ አይደለም፣ «ከደህናው ሥር እንደብቀዋለን» ያልሽው ነው። ያ ካርቶን የትም አይጠፋም። ደንበኛ ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ይከፈታል፣ ጭነቱ በሙሉ ይመለሳል። ስድብ የተበላሸ ምርት አይቀንስም፣ የሚታይበትን ቦታ ነው የሚለውጠው። ከአሜሪካ የጥራት ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ለአመራሮች ካስቀመጣቸው 14 ነጥቦች ስምንተኛው «ፍርሃትን አስወግዱ» የሚል ነው። ለሰው ስለማዘን ብቻ አልነበረም ያለው፤ ሰው ሲፈራ ለአለቃው የሚያቀርበው ቁጥር ውሸት ይሆናል። የምርት ኃላፊያችሁ ጠዋት ጠዋት የሚያየው ሪፖርት ትክክል አይደለም፣ ትክክል እንዳልሆነ የምታውቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ስታነሺው ተጠንቀቂ። «እኔ ደብቄያለሁ» ብለሽ ብቻሽን አትጋፈጪ። በጋራ፣ «ሰው ብልሽት ለማሳወቅ ይፈራል፤ ያሳወቀ ሰው እንደማይሰደብና እንደማይቀጣ በጽሑፍ ይገለጽልን፣ ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር ታገኛላችሁ» ብላችሁ አቅርቡት።

ሠራተኛ መልቀቅም ዋጋ አለው። የፎርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር በገባበት ዓመት፣ 14,000 ገደማ ሠራተኛ ለማቆየት ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ሰዉ ሥራውን ሊችለው ስላልቻለ እየጣለ ይሄድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ኩባንያው የቀን ክፍያውን በእጥፍ ገደማ ወደ 5 ዶላር አሳደገ፣ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደ። ደግነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሒሳብ ሠርተው ነው እላለሁ። እናንተም ዘንድ በዚህ ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? አንድ አዲስ ኦፕሬተር ማሽኑን በደንብ እስኪለምድ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ እስከዚያስ ምን ያህል ካርቶን ያበላሻል? ይሄን ቆጥራችሁ ግቡ።

ምናልባት «እኛ ጋ ሰዉ ራሱ ነው የማይረባው» የሚል መልስ ትሰሙ ይሆናል። ይሄን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ የነበረው የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው። ሠራተኞቹ በጣም መጥፎ ስም ነበራቸው፤ ከሥራ መቅረት፣ መጠጥ፣ መኪናው ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ ሳይቀር ይወራባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም ተከፈተ፤ ተመልሰው የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው «የማይረቡት» ሠራተኞች ነበሩ። ልዩነቱ ምን ነበር መሰለሽ? ከመስመሩ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመዱን ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል። የሚመጣው ሊሰድብ ሳይሆን ሊረዳ ነው። በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ከሥራ የሚቀረው ሰው ብዛት ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፣ የሚያመርቷቸው መኪኖችም በጥራት ተመሰገኑ። ቀድሞ መስመር ማቆም ከባድ ጥፋት ነበር፤ በኑሚ ግን ችግር አይቶ ዝም ማለት ጥፋት ሆነ። ሰዎቹ ያው ነበሩ። ቤተሰብሽም አለቃሽም ይሄን ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ስለ ሱፐርቫይዘሩ። ከላይ ሆኖ ታርጌት የሚጭንበት ሰው እንዳለ አልጠራጠርም፤ ምናልባት እሱም በየቀኑ ስብሰባ ላይ ይሰደባል። ይሄ ለምን እንደሚያደርገው ያስረዳል፣ ትክክል ግን አያደርገውም። በሥራ ቦታ ጥቃትንና ትንኮሳን የሚከለክለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ2019 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት፣ 190ኛው፣ ሰውን በሥነ ልቦና የሚጎዳ አድራጎትንም ይጨምራል፤ ስለዚህ «ስድብ የፋብሪካ ወግ ነው» የሚባል ነገር የለም። በዚያች ቅጽበት ግን ሕግ አትጥቀሺ። ድምፅሽን ሳታነሺ፣ ፊቱን እያየሽ፣ «ስህተቱን ያሳዩኝ፣ አስተካክለዋለሁ። ስድቡን ግን ይተዉት» በዪው። ከዚህ ሌላ ቃል አትጨምሪ። ተመልሰሽ ሥራሽን ቀጥዪ። ማታ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። አንድ ቀን ለአንዷ የተባለው ለሌላዋም ሲባል ሁላችሁም ይሄንኑ ዓረፍተ ነገር ከመለሳችሁለት ይደክመዋል። አንዳንዱ ሱፐርቫይዘር እንዲያውም ማንም እንደዚያ ብሎት ስለማያውቅ ደንግጦ ይተወዋል።

ጆሮሽን ደግሞ ችላ ብለሽ ስላለፍሽው እኔ አላልፈውም። ከፈረቃ በኋላ ጆሮ መጮህ «ለምጄዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም። ቀላል መለኪያ አለ፦ ማሽኑ አጠገብ ቆመሽ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው ለመናገር ድምፅሽን ከፍ ማድረግ ካለብሽ ጫጫታው ምናልባት ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ ይሄው 85 ነው። ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት ባስቀሩሽ ቀን እንግዲህ አስቢው። በጫጫታ የሄደ መስማት አይመለስም። የጆሮ መከላከያ ጠይቂ፣ እስኪሰጡሽም ከፋርማሲ የአረፋውን ዓይነት ገዝተሽ አድርጊ፤ በጣትሽ አሽከርክረሽ አቅጥነሽ፣ በሌላኛው እጅሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበሽ አስገቢው፣ እስኪያብጥም ያዢው። ግማሹ ውጭ ከቀረ ብዙም አይረዳሽም። ከሁሉ በፊት ግን የመስማት ምርመራ አድርጊ፣ አሁን፣ ገና እዚያ እየሠራሽ ሳለ።

መልቀቅስ? መልቀቅ ሽንፈት አይደለም፣ መቆየትም ጀግንነት አይደለም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ቁልፉን በጽሑፍ ካሳወቅሽ በኋላ ምን ያህል ፈጥነው አስተካከሉት? ይሄ በቀናት የሚመለስ ነው፤ ፕላስተር ለመንቀል በጀት አያስፈልግም። ካላስተካከሉት እዚያ ማሽን ላይ አትመለሺ፤ ለሥራ ቁጥጥሩም አመልክቺ። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ያቀረባችሁትን ሰዎች እንዴት ያዟችሁ? ቢያንስ ተቀምጠው ካነጋገሯችሁ፣ ከአራቱ አንዱን እንኳ ከፈጸሙ፣ ትንሽ ጊዜ መስጠት ይገባል፣ ባህል በአንድ ሳምንት አይለወጥምና። የተናገረውን ሰው ፈልገው ፈረቃ መቀያየር፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ከጀመሩ ግን መልሱን ሰጥተውሻል። ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። ስድስት ዓመት መቁረጫ ማሽን ላይ የቆየች ኦፕሬተር ሌላም ቦታ ትፈለጋለች፤ አዲሱ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ መስመሩን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ ቁልፎቹንና መከላከያዎቹን በዓይንሽ እዪ፣ «አንድ ኦፕሬተር ችግር ሲያይ ማሽኑን ቢያቆም ምን ይደረጋል?» ብለሽም ጠይቂያቸው። ሊመልሱልሽ ሲያመነቱ ካየሽ ገባሽ ማለት ነው።

በተናደድሽ ቀን ግን መልቀቂያ አትጻፊ። ሌላውን ሥራ ሳትይዢ፣ ያልተከፈለሽን ትርፍ ሰዓትና ያልወሰድሽውን የዓመት ፈቃድ ሳታሰዪ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። የደመወዝ ወረቀቶችሽን ሰብስቢ፣ ለቁልፉ የጻፍሽውን ማሳሰቢያ ቅጂ አብረሽ አስቀምጪ። የመስማት ምርመራው ውጤትም ቀኑ ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት እጅሽ ላይ ይኑር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ይሄ እኛ ጋ የደረሰ አይደለም» ቢሉሽ የምታወጪው እሱን ነው።